የሰፈር ጓሮና ፐርማካልቸር በደሴና በኮምቦልቻ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጎረቤት ጋር በጋራ የምንሠራው የሰፈር ጓሯችን በር ላይ ቆሞ ሰው ሁሉ የሚጠይቀንን ነው እዚህ የሰበሰብኩት፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደሚያጨቃጭቀው እሄዳለሁ።

ፐርማካልቸር ምንድን ነው? ከጓሮ አትክልት በምን ይለያል?

ቃሉ የአውስትራሊያ ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቢል ሞሊሰንና ዴቪድ ሆልምግሬን የሚባሉ ሁለት ሰዎች «ቋሚ» እና «ግብርና» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት አጣብቀው አወጡት። ሥራው ከስሙ ይቀላል። ዘር ከመግዛታችሁ በፊት ቦታውን ታያላችሁ። ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል? ፀሐዩ የት ያርፋል? ሰውስ በየት በኩል ይመላለሳል? ከዚያ እያንዳንዱ ነገር ለሌላው እንዲጠቅም አድርጋችሁ ታስቀምጣላችሁ። የዶሮው ኩስ ለኮምፖስቱ፣ ኮምፖስቱ ለጎመኑ፣ የጎመኑ ትርፍ ቅጠል ደግሞ ለዶሮው።

የጓሮ አትክልት የሚሠራ ሰው «ምን ልትከል?» ብሎ ይጀምራል። እኛ «እዚህ ቦታ ላይ ምን እየሆነ ነው?» ብለን ነው የምንጀምረው። መትከሉ በኋላ ይመጣል።

ይኼ እኮ አያቶቻችን ሲሠሩት የኖሩት ነው፤ ምን አዲስ ነገር አለው?

አንዲት እናት ሥልጠናችንን ቁጭ ብለው ካዳመጡ በኋላ «ልጄ፣ ይኼን እኮ እናቴም ትሠራው ነበር፤ ስሙን ብቻ ነው የማታውቀው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እንሰቱን፣ ቡናውንና ዛፉን ደራርቦ የሚያበቅለው የጌዴኦ ገበሬ፣ ዳገቱን በድንጋይ እርከን ያሰረው የኮንሶ ገበሬ መጽሐፍ አላነበቡም። የኮንሶ መልክዓ ምድር በ2011፣ የጌዴኦው በ2023 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የተመዘገቡት በዚሁ እውቀታቸው ነው።

ግን «ድሮም እናውቀዋለን» ብሎ ማለፍም ራስን ማታለል ነው። ዳገትን ቁልቁል ማረስም፣ እበቱን ኩበት አድርጎ ማንደድም ከአያቶቻችን ነው የወረስነው። የሚጠቅመውን እንይዛለን፤ ሌላውን እናርማለን።

ምን ያህል ቦታ ያስፈልጋል?

ትንሽ። 20 ካሬ ሜትር ለመጀመሪያ ዓመት ይበቃል፤ እንዲያውም ይበዛል። ብዙ ቡድን የሚወድቀው ቦታ አንሶት አይደለም። በአንድ ቅዳሜ 200 ካሬ ቆፍሮ በሦስተኛው ሳምንት የሚያጠጣ ያጣል።

ደሴ ላይ የሚሆነው ኮምቦልቻ ላይስ ይሆናል?

በሁለቱ ከተሞች መካከል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ያለው። የከፍታ ልዩነቱ ግን ከ600 ሜትር ይበልጣል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ስትወርዱ ጃኬታችሁን ታወልቁ የለ? ተክሉም እንደዚያው ነው።

ደሴ ላይ ጎመን፣ ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባቄላና ቆስጣ ደስ ብሏቸው ይበቅላሉ። ቼንቻ የታወቀችበት ፖምም ይሞከራል። የተዳቀለ (በሌላ ግንድ ላይ የተቀጠለ) ችግኝ ግዙ፤ ሁለት የተለያየ ዝርያ ጎን ለጎን ትከሉ፤ ብቻውን የቆመ ፖም ብዙ ጊዜ አበባ እንጂ ፍሬ አያሳያችሁም። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ሎሚና ስኳር ድንች አሉላችሁ። አቮካዶውን ከዘር አብቅላችሁ ብዙ ዓመት ከምትጠብቁ የተዳቀለውን ተክላችሁ በሦስት በአራት ዓመት ብሉ።

ደሴ ላይ ሜዳ ላይ ቲማቲም እተክላለሁ የሚል ሰው በየዓመቱ አይጠፋም። እስከ ጥቅምት ደስ ይላል። ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት ውርጭ ይመጣና ጠዋት የተቀቀለ ይመስላል።

ዲዛይን የምትሉት ምንድን ነው? ወረቀት ላይ መሣል ግዴታ ነው?

አዎ፣ ሣሉ። ሥዕል ባትችሉም ሣሉ። አንድ ገጽ ደብተር ላይ ቤቱን፣ በሩን፣ ቧንቧውን፣ ዛፉንና ዳገቱ የሚወርድበትን አቅጣጫ በቀስት አስቀምጡ። ከዚያ ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡ። ሰው ሁሉ ወደ ቤት ሲሮጥ እናንተ ወደ ጓሮ ናችሁ። ጎርፉ የሚገባበትን፣ የሚተኛበትንና የሚወጣበትን የምታዩት ያኔ ብቻ ነው። ከተቻለ አንድ ክረምትና አንድ በጋ እያያችሁ ቆዩ።

ፐርማካልቸር ቦታን በዞን ይከፍላል። ዞን ዜሮ ቤቱ ነው። ዞን አንድ በቀን ብዙ ጊዜ የምትረግጡት ነው፤ ጤና አዳሙ፣ በሶብላውና ጎመኑ እዚያ ይሆናሉ። እየራቃችሁ ስትሄዱ ብዙ ክትትል የማይፈልገው ይመጣል፦ ድንቹ፣ ፍራፍሬው፣ ዛፉ። አምስተኛው ዞን ለአውሬውና ለወፉ የሚተው ነው።

የሰፈር ጓሮ ላይ ግን አንድ ለውጥ አለው። መሃሉ የማንም ቤት አይደለም። ስለዚህ ዞን አንድ ማለት ሰው በግድ የሚያልፍበት መንገድ ነው፦ ከቧንቧው እስከ በሩ፣ ወይም ከቅሬው (ከዕድሩ) አዳራሽ እስከ ሽንት ቤቱ። ቶሎ ቶሎ መታየት ያለበትን መደብ እዚያ መንገድ ዳር አድርጉት። ጥግ ላይ የተደበቀ ሰላጣ ማንም ሳያየው ይደርቃል።

ከኢንተርኔት ላይ ያየሁትን ዲዛይን ብገለብጥስ?

እኔ ገልብጬ አይቼዋለሁ። ቪዲዮው «መደባችሁን ከቤቱ በስተሰሜን አድርጉ፤ ፀሐይ የሚገኘው እዚያ ነው» ይላል። እኔም አዳራሹን ተጠግቼ ከሰሜኑ ግድግዳ ሥር ሦስት መደብ ሠራሁ። ታኅሣሥ ላይ መደቦቹ ጥላ ውስጥ ዋሉ። ሌላው ጓሮ ሙቀት ሲያገኝ የእኔ ቆስጣ ላይ ውርጩ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ይቆያል።

ቪዲዮው የአውስትራሊያ ነበር። እዚያ ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። ክረምት መግቢያ ላይ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ሆና ትንሽ ወደ ሰሜን ትላለች፤ በብርዱ ወራት ግን በደንብ ወደ ደቡብ ትዞራለች። ያኔ የቤቱ ጥላ የሚወድቀው ሰሜን ላይ ነው። ለማረጋገጥ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ታኅሣሥ ላይ ቀን 6 ሰዓት ሲሆን ወጥታችሁ ጥላችሁን እዩ።

ቧንቧ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ውሃ ከየት እናምጣ?

ከጣሪያ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። 40 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 400 ሊትር፣ ማለትም ሁለት በርሜል ሙሉ። በአንድ ከሰዓት! የሚጎድለው አሸንዳና በርሜል ነው። የመጀመሪያውን ዝናብ አፍስሱት፤ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ነው የሚወርደው።

ችግሩ በጋው ነው። 1 ካሬ የአትክልት መደብ በደረቅ ወር በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ይጠጣል። 20 ካሬ ሲሆን አራት አምስት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በየቀኑ ማለት ነው። ይኼን አስልታችሁ ማን እንደሚሸከመው ካላወቃችሁ መደቡን አሳንሱ። ጉዝጓዝ ደግሞ ውሃውን ያቆይላችኋል፦ ገለባ፣ የደረቀ ሣር፣ የጫት ገረባም ቢሆን። ገረባ እዚህ አገር በነፃ ነው፤ ጫቱ መድኃኒት ተረጭቶበት እንደሆነ ስለማይታወቅ ግን እኛ መጀመሪያ ኮምፖስት ውስጥ እናበስለዋለን።

ቦርከናስ? የደሴን ቆሻሻ ይዞ ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካዎቹ አጠገብ የሚያልፍ ወንዝ ነው። ለሰላጣ፣ ለካሮት፣ ጥሬውን ለሚበላ ለማንኛውም ነገር አትንኩት።

ኮምፖስታችን ለምን ይሸታል? ለምንስ አይበስልም?

ከሸተተ እርጥቡ በዝቷል፤ አየር አጥቷል። ገልብጡትና ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል ጨምሩበት። በመጠን ሦስት እጅ ደረቅ፣ አንድ እጅ እርጥብ ይሁን። እርጥብ የምንለው የወጥ ቤት ትራፊ፣ የቡና አተላ፣ አረምና ፍግ ነው። ፌስታል አይገባም። ይኼን በየሳምንቱ እንናገራለን፤ በየሳምንቱም ፌስታል እንለቅማለን።

ካልበሰለ አንሷል ወይም ደርቋል። ክምሩ ቢያንስ 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ ቁመቱም 1 ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ ሙቀት አይዝም። መሃሉ ላይ አንድ ዱላ ሰክታችሁ ተዉት። በሳምንቱ ሳብ አድርጉና በእጃችሁ ያዙት። ትኩስና እርጥብ ከሆነ ሠርቷል። ትኩስ ሆኖ ደረቅ ከሆነ ውሃ ይፈልጋል። ቀዝቃዛና የሚያጣብቅ ከሆነ ግን ገልብጡት። ኮምቦልቻ ላይ በሁለት ወር ተኩል የሚደርሰው ደሴ ላይ አራት ወር ሊፈጅ ይችላል፤ በብርዱ ወራት በአሮጌ ጆንያ ሸፍኑት።

ውርጭን እንዴት እንከላከል?

ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል። አጥራችሁ የታችኛው ጎኑ ድፍን ከሆነ ብርዱን እንደ ግድብ ይዞታል። እዚያ ጋ ማለፊያ ክፈቱለት። ማታ መደቡን በሣር ወይም በጆንያ ሸፍናችሁ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ግለጡት። ከሰዓት በኋላ አፈሩን ማጠጣትም ይረዳል፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል።

አጠገባችን ባሕር ዛፍ አለ። ምን ይሻለናል?

መራቅ። ቢያንስ 10 ሜትር። ሥሩ ውሃችሁን ይጠጣል፤ ቅጠሉም ሥር የሚበቅለውን ያደክማል። መቁረጥ ብቻውን አይፈታውም፤ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ከዚያ ዛፍ ጎን መቀመጫና የዕቃ ቤት ሥሩ። መደቡን ወደ ሌላው ጫፍ ውሰዱት።

ተባይ ሲመጣ ኬሚካል ጭራሽ አይነካም ማለት ነው?

በእኛ ጓሮ አይነካም፤ ልጆች ጥሬ ካሮት ነቅለው የሚበሉበት ቦታ ነው። ክሽክሽ ጎመኑን ሲወረው ቅጠሉን ገልብጠን በቀላል የሳሙና ውሃ እናጥባለን፤ የባሰበትን ቅጠል ቆርጠን እናወጣለን። ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የማይበቃበት ዓመትም አለ፤ ያኔ ጎመኑን ነቅለን ሽንኩርት እንተክላለን።

ለፍየል ግን መላው አጥር ብቻ ነው።

ጓሯችን ዳገት ላይ ነው። ቦይ ቆፍረን ውሃ እንያዝ?

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። የፐርማካልቸር መጻሕፍት የሚወዱት ነገር ቢኖር በኮንቱር (እኩል ከፍታን ተከትሎ) የተቆፈረ ውሃ ማስረጊያ ቦይ ነው። ገር ተዳፋት ላይ ግሩም ነው። ደሴ ግን ጦሳ ተራራ ሥር የተሰቀለች ከተማ ናት፤ መሬቷም ይንሸራተታል። ከሰው ቤት በላይ፣ ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ውሃ አስሮ ማስረግ አደጋ ነው። እኛ ራሳችን በሁለተኛው ዓመት አንድ ቦይ ቆፍረን ነበር። ነሐሴ ላይ ከታች ያሉ ጎረቤታችን መጥተው «ልጆቼ፣ ግድግዳዬ አለቀሰ» አሉን። ሄደን አየን፤ ጭቃው እርሶ ሊወድቅ ደርሷል። ያን ቀን ሳይመሽ ደፈንነው፤ ግድግዳቸውንም እኛው መረግን።

ዳገት ላይ የሚሻለው ጠባብ የድንጋይ እርከን ነው። ትርፉ ውሃ በሰላም የሚወርድበት መውጫም ይኑረው፤ ጠርዙ ላይ ሥር የሚይዝ ሣር ወይም ቁጥቋጦ ይተከል። እርከኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ መሆኑን ለማወቅ ኤ-ፍሬም ሥሩ። 2 ሜትር ገደማ የሚሆኑ ሁለት እኩል እንጨቶች አናታቸው ላይ ይታሰራሉ፤ መሃላቸው ላይ አንድ አግዳሚ ይመታል። ከአናቱ ሲባጎ አንጠልጥላችሁ ጫፉ ላይ ድንጋይ እሰሩ። እግሮቹ ያረፉበትን ምልክት አድርጉና ሲባጎው አግዳሚውን የነካበትን ጫሩ። ከዚያ እግሮቹን አቀያይራችሁ ያው ቦታ ላይ አቁሙትና እንደገና ጫሩ። የሁለቱ ጭረት መካከል ልኩ ነው፤ ሲባጎው እዚያ ሲያርፍ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው። የሰባተኛ ክፍል ልጆች በአንድ ጠዋት ይለምዱታል።

ማስተማር ለመጀመር ሰርተፍኬት ያስፈልጋል?

በዓለም የታወቀው የፐርማካልቸር ዲዛይን ኮርስ 72 ሰዓት ነው፤ መጨረሻው ላይ ወረቀት ይሰጣል። ማግኘት ከቻላችሁ ጥሩ ነው። ካልቻላችሁም የምታውቁትን ማስተማር ክልክል አይደለም፤ «የተመሰከረለት አሠልጣኝ ነኝ» ብቻ አትበሉ።

እኛ አዳራሽ ውስጥ ማስተማር ትተናል። በአንድ ቅዳሜ አንድ ነገር ብቻ እናሳያለን፤ ያየው ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ለአዲስ መጪ ያሳያል። እትዬ ኮምፖስቱን፣ ልጁ ኤ-ፍሬሙን። የሚያሳይ ሰው አይቀርም፤ የሚያዳምጥ ግን ይቀራል። ይኼ ከሥልጠናው ሁሉ የበለጠ ሰው አቆይቶልናል።

ፈቃደኛ በመጀመሪያው ቀን ይጎርፋል፤ ከዚያ ይጠፋል። ምን እናድርግ?

ችግኝ ተከላ ፎቶ አለው። ማጠጣት ፎቶ የለውም። ስለዚህ ሁለቱን ለዩአቸው። ቁፋሮ፣ አጥርና እርከን የደቦ ሥራ ነው፦ ብዙ ሰው፣ አንድ ቀን፣ ምሳ። ማጠጣትና ማረም የተራ ሥራ ነው፦ ሁለት ሁለት ሰው፣ ቀን የተቆረጠለት፣ ስማቸው በሩ ላይ የተለጠፈ። ሁለት የምለው አንዱ ሲቀር ሌላው ስለሚደውልለት ነው። ወንፈል የለመዱ ሰዎች ይኼን ለማስረዳት አያደክሙም፤ «ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ» ያውቃሉ። ከግለሰብ ይልቅ በቅሬው በኩል መጥራትም ይሻላል፤ በቅሬ የተጠራ ሰው መቅረት ያፍራል።

ቀኑን በጥንቃቄ ምረጡ። ዓርብ ጁምዓ አለ፤ እሑድ ቅዳሴ። ቅዳሜ ጠዋት ይሻላል። በረመዳን ሥራው በማለዳ ያልቃል። ምሳውን ሽሮ፣ ምስር ወይም ጎመን አድርጉት፤ ሥጋ ካመጣችሁ «የማን እጅ ባረከው?» የሚል ጥያቄ ይመጣና ወሎዬ በአንድ ትሪ መብላቱ ይቀርበታል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጎበዞች ናቸው፤ ፈተና ሲደርስና ክረምት ሲገባ ግን አይገኙም። ተራውን እነሱ ላይ ብቻ አትጣሉ።

ምርቱ የማን ነው?

ጠብ የሚነሳው እዚህ ነው። የመጀመሪያው ካሮት ከመነቀሉ በፊት ተነጋገሩ፤ ከተነቀለ በኋላ ረፍዷል። የእኛ ስምምነት ሦስት ድርሻ ነው፦ አንዱ በዚያ ሳምንት ተራውን ለሠራ፣ አንዱ ቅሬው ለሚያውቃቸው አቅመ ደካሞች፣ አንዱ ተሸጦ ለዘርና ለመሣሪያ። በሚዛን ሰው ፊት ይመዘናል፤ ደብተር ላይ ይጻፋል። ደብተሩ በሩ አጠገብ ተንጠልጥሎ ነው የሚውለው፤ የፈለገ ያየዋል።

ሌብነትስ? አለ። ማታ ማታ ጎመን ይጠፋ ነበር። ከአጥሩ ውጭ አንድ መደብ ጎመን ተክለን «መንገደኛ ይቅጠፍ» ብለን ጻፍንበት። ሙሉ በሙሉ አልቆመም፤ ግን ቀነሰ።

ቦታውን ቢወስዱብንስ?

ሊወስዱ ይችላሉ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ባዶ የቆየ ቦታም ድንገት ባለቤት ይወጣለታል። መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት ወይም ቅሬ ግቢ ውስጥ ከሆናችሁ የተሻለ ነው። የትም ብትሆኑ ፈቃዱ በቃል አይሁን፤ ስንት ዓመት፣ ለምን ሥራ፣ ብትለቁ ስንት ወር ቀድመው እንደሚነግሯችሁ በደብዳቤ ይጻፍ፤ ማኅተም ይረፍበት።

እርግጠኛ ካልሆናችሁ የመጀመሪያውን ዓመት በሁለት በሦስት ወር በሚደርሱ ነገሮች ላይ አተኩሩ፦ ሰላጣ፣ ቀይ ሥር፣ ቆስጣ። ፍራፍሬውን በተቆረጠ ጄሪካን ውስጥ አቆዩት። እኛ አንዴ በ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ለቀናል። ፖሞቹን በጄሪካናቸው፣ ኮምፖስቱን በጆንያ ሞልተን፣ በባጃጅ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሰን አዲሱ ቦታ አደረስነው። ሹፌሩ ከሦስተኛው ምልልስ በኋላ «ቆይ፣ አፈር ነው እንዴ የምትጭኑት?» አለን። አሁን የማክሰኞ ተራ የእሱ ነው።